የተራበ ልጅ አይጠይቅም

ኢሉባቦር ውስጥ ልጅ ይራባል ቢባል የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቱ የሚገባ እንግዳ በመንገዱ የሚያየው ጫካ፣ ቡና፣ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍና ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ ነው። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚወርድባት፣ ከአገራችን እጅግ ዝናባማ ከተሞች አንዷ ናት። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎንና ትግራይን በመታ ጊዜ መንግሥት 600 ሺህ ያህል ሰው ከሰሜን እያነሳ ሲያሰፍር፣ ከተመረጡት ለም መሬቶች አንዱ ኢሉባቦር ነበር። ከረሃብ የሸሸ የሚመጣበት አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር ስለ ልጆች ረሃብ የሚያወራ ሰው አገር የሚያሳጣ ይመስላል።

እኔ ግን እዚያው መቱ ተወልጄ፣ እዚያው ክረምት ክረምት እየተራብኩ አድጌያለሁ። ይህን ለብዙ ዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። ለባልንጀሮቼ አልነገርኩም፤ አብሬአቸው ለማስተምር መምህራንም አልነገርኩም። እናቴ በሕይወት እያለች አብረን እንኳ አንስተነው አናውቅም። የቤት ገበና ነው። አሁን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። ከዚያ ረሃብ የተማርኩት አንድ ነገር ዛሬ ለሌሎች ልጆች እንደሚጠቅም በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ሰኔ 30 ለተማሪ ሁሉ የደስታ ቀን ነው ይባላል። ካርድ ይሰጣል፣ ደረጃ ይነገራል፣ ልጁ ዝናቡን ሳይፈራ እየሮጠ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ቤት ግን ያ ቀን ሌላ ነገር ያስጀምር ነበር። በኢሉባቦር ገንዘብ የሚገባው ቡና ሲለቀም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በዚያ ወቅት የቡና ለቀማ የቀን ሥራ አለ፣ ገበያው ይሞቃል፣ ዱቤ ይከፈላል። የበቆሎውም ምርት የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። ሰኔ ሲደርስ የቡናው ብር አልቋል፣ ጎተራው ተጠርጓል፤ አዲሱ በቆሎ ደግሞ ገና ማሳ ላይ ቆሟል። ገበሬው ቡናው ገና ሳይቀላ ብድር የሚፈልገው፣ ነጋዴውም የእህል ዋጋ የሚሰቅለው በእነዚህ ወራት ነው። የከተማው ድሃ ከገበሬው የባሰ ይጨነቃል። ዝናቡ ሲጠና ግንባታ ይቆማል፤ ግንባታ ሲቆም የቀን ሠራተኛው ቤት ይቀመጣል። ጉልት ቸርቻሪዋ ጭቃ ላይ ዘርግታ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት ትውላለች። እናቴ ልብስ አጥባ፣ እንጀራ ጋግራ ነበር የምታሳድገን፤ በክረምት የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ እርጥብ እንጨትም ምጣድ አያሰማም። ሰኔና ሰኞ ይሉት ነገር በየዓመቱ ቀን ቆርጦ ይመጣብን ነበር።

ያን ጊዜ የምንበላው ጎመን ነበር። ጎመን በክረምት ይትረፈረፋል፤ እንጀራው ነው የሚያጥረው። ጎደሬ ከተገኘ ይቀቀላል፣ እሱም ሲያልቅ ቡናው ይፈላል። ቡና በእኛ አገር በድሃ ቤትም አይጠፋም፤ የሚጠፋው የቡና ቁርሱ ነው። ቆሎ የለ፣ ንፍሮ የለ፣ ቂጣ የለ፤ ጨው ጣል የተደረገበት ቡና ለልጅም ይሰጣል፣ ሆድ ያታልላልና። ታናሽ ወንድሜ የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ይወጣ ነበር። በጭቃ ወራት ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው ብዙ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የጎነበሰበትን ሳንቲም ግን ለመስከረም ደብተር እያለ እናቴ እጅ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ደብተሩ ነሐሴ ላይ ዱቄት ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት መደበቅን ነው። እናቴ ሰው ቤት በምሳ ሰዓት እንዳንሄድ አጥብቃ አስተምራናለች። ይህን ሁሉም የአገራችን እናት ታስተምራለች፤ የጠገበ ልጅ ግን ትምህርቱን አንዳንዴ ይረሳል፣ የተራበ ልጅ አይረሳም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከሰፈር እንርቅ ነበር፤ የማንም ደጅ ላይ የምንጠብቅ እንዳንመስል ወደ ወንዙ ዳር ወይም ወደ ጫካው ጥግ እንሄዳለን። የባልንጀራዬ እናት "በላሽ?" ካሉኝ "አዎ፣ አሁን በላሁ" እላለሁ። ቢደግሙ "ጠግቤያለሁ" እላለሁ። ሦስተኛ ከለመኑኝ ብቻ እቀመጣለሁ፤ ለዚያውም እየተሽኮረመምኩ፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሼ እጄን አነሳለሁ። ይሉኝታ በልጅነት የሚለበስ ልብስ ነው፤ የተራበ ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ከሁሉም በላይ ይወፍራል። ስለዚህ በሰፈሩ በጣም የተራበው ልጅ የቱ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ደጁ ላይ የቆመውን ቢያይ አያገኘውም። በጣም የተራበው ያ በምሳ ሰዓት የጠፋው ነው።

ይህን የተረዱ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እኛ ልጆች እትዬ ብቻ እንላቸዋለን። እሳቸውም ሀብታም አልነበሩም፤ ጓሯቸው ጥቂት የቡና እግር፣ እንሰትና ጎደሬ ነበረበት። ረፋድ ላይ በር ላይ ብቅ ብለው "ኮቱ (ነይ) የኔ ልጅ፣ ቡና ጥሪልኝ" ይሉኛል። ሦስት ቤት እየዞርኩ "እትዬ ቡና ጠጡ ብለዋል" ብዬ እመለሳለሁ። ከዚያ ምስር ያስለቅሙኛል፣ ስኒ ያሳጥቡኛል፣ ስጨርስ ደግሞ "ሠራተኛ ሳይበላ አይሄድም" ብለው የሞላ ሳህን ያስቀምጡልኛል። ወንድሜ ሲያልፍ ካዩት አጥሩ ላይ አንድ የሚያጠብቀው የላላ እንጨት ያገኙለታል። "እርቧችኋል?" ብለው ጠይቀውን አያውቁም። ለእናቴም አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። አሁን ሳስበው፣ የእሳቸው ቤት ሥራ እንዲያ የሚበዛው ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ነበር። እሸት በቆሎ ደርሶ የየቤቱ ጭስ በጥብስ ሲሸት የእትዬ ሥራ በራሱ ይቀንስ ነበር።

አድጌ መምህርት ሆንኩ። የመጀመሪያ ደረጃ ልጆችን በኢሉባቦር ከተሞች አስተማርኩ፤ በልጅነቴ ከውስጥ ያየሁትን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ማየት ጀመርኩ። መስከረም ላይ ክፍል ስትገባ ከየትኛው ቤት የመጣ ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። አንዱ ክረምቱን አድጎ፣ ሱሪው አጥሮት ይመጣል። ሌላው ሱሪውን በገመድ አስሮ ይመጣል። ቡሬ አካባቢም ሆነ ያዮ ጫካ ጥግ ያሉ ልጆች ክረምቱን ማማ ላይ ሆነው ዝንጀሮና ከርከሮ ከበቆሎ ማሳ ሲያባርሩ ይከርማሉ፤ ያልደረሰውን እህል እየጠበቁ፣ እዚያው ይራባሉ። ከከተማ የመጡት ሊስትሮ፣ ተሸካሚ፣ ቆሎ ሻጭ ሆነው ከርመዋል። አንዳንዱ ጥቅምት ላይ ነው የሚመዘገበው፤ ደብተር ስላልተገዛለት። ሰኔ ላይ አቀላጥፎ ያነብ የነበረ ልጅ መስከረም ላይ ፊደሉ ይጠፋዋል። ክረምት ስላረሳሳው ነው እንላለን። እኔ ግን ረሃብም ከማስታወስ ላይ እንደሚበላ አውቃለሁ።

ለተራበ ሰው መርሐ ግብር ባለበት አገር ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ መመርመር የጀመርኩት ያኔ ነው። አገራችን የተራበ ልጅን የምትፈልግባቸው መንገዶች አሏት፤ ነገር ግን የስምንት ዓመት ልጅ በሐምሌ ወር በሁሉም መሃል ሾልኮ ይወድቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱን የምትለካው፣ አልሚ ምግብ የምትሰጠው ከአምስት ዓመት በታች ለሆነው ሕፃን ነው። መቀንጨርን ለማስወገድ በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ዓይኑ በሕፃናቱና በእናቶቻቸው ላይ ነው። ይህ ትክክል ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገራዊ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ጉዳቱ የሚጀምረውም እዚያ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር ሲቀረጽ ያተኮረው ድርቅ በሚደጋግማቸው ወረዳዎች ላይ ነው፤ የማኅበረሰብ ሥራውም የሚከፈለው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ለትምህርት ዕድሜ ልጅ የቀረው የትምህርት ቤት ምገባ ነው።

ምገባው ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ከልቤ እናገራለሁ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ1986 ዓ.ም. በድርቅና በጦርነት በተጎዱ አካባቢዎች ጀመረው። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በራሷ በጀት ቁርስና ምሳ ታቀርባለች፤ ተመጋቢዎቹም ከ700 ሺህ በላይ ደርሰዋል። በኦሮሚያም ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው የቆየ የመረዳጃ ባህል እንደገና ተደራጅቶ፣ ወላጁ እህልና ማገዶ እያዋጣ ምገባው ወደ ብዙ ትምህርት ቤቶች እየገባ ነው። ምገባ ያለበት ክፍል ውስጥ ያስተማረ ሰው ልዩነቱን አይረሳውም። ልጁ ይመጣል፣ ይቆያል፣ ጥያቄ ይጠይቃል። ግን ምገባው የሚከተለው የትምህርቱን ቀን መቁጠሪያ ነው። ደወሉ ሰኔ ላይ ሲቆም ድስቱም ይቆማል። እህል በሚረክስበት ጥር ልጁ ትምህርት ቤት ይበላል፤ እህል በሚወደድበት ነሐሴ ቤቱ ይቀመጣል።

ይህን ክፍተት ሌሎች አገሮችም አይተውታል። በህንድ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 በድርቅ የተጎዱ አካባቢዎች ተማሪዎች በበጋ እረፍታቸው ጭምር የትምህርት ቤት ምሳ እንዲቀርብላቸው አዟል። አሜሪካ ሀብታም አገር ናት፤ ሆኖም ትምህርት ሲዘጋ የሚራብ ልጅ እንዳለ አምና እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ራሱን የቻለ የእረፍት ወራት ምገባ አቋቁማለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ መርሐ ግብሩን በተቀበሉ ግዛቶች ለአንድ ልጅ ለእረፍቱ ወራት 120 ዶላር የምግብ መግዣ ይሰጣል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 እግር ኳስ ተጫዋቹ ማርከስ ራሽፎርድ ለፓርላማ አባላት በጻፈው ደብዳቤ የራሱን ልጅነት ተናገረ፤ እናቱ ቀኑን ሙሉ ሠርታ እንኳ ማዕዱ እንደማይሞላ፣ በትምህርት ቤት ነፃ ምግብ እንዳደገ ገለጠ። መንግሥት ውሳኔውን ቀይሮ ለእረፍቱ ወራት የምግብ ኩፖን ሰጠ። ያን ዜና ስሰማ ሳህኔን ይዤ ቀረሁ። በመላው ዓለም የታወቀ ሰው የተናገረውን እኔ በአንዲት ትንሽ የመምህራን ክፍል ውስጥ አልተናገርኩትም ነበር።

የተናገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ላይ ለደካማ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ልንሰጥ ተሰብስበን ነበር። ልጆቹ ባዶ ሆዳቸውን መጥተው ሁለት ሰዓት መቀመጥ አይችሉም ተባለና ንፍሮ እንቀቅልላቸው የሚል ሐሳብ ተነሳ። ሁሉም ተስማማ። ጥያቄው ለማን የሚለው ላይ መጣ። ያለን እህል ትንሽ ስለሆነ ችግረኛ የሆኑት ይመዝገቡ፣ ከቀበሌ ማስረጃ ያምጡ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የሚያስከፋ ሐሳብ አልነበረም፤ በየትም የሚሠራበት ነው። እኔ ግን እጄን አወጣሁና፣ "በዚህ ዓይነት ቢሆን ኖሮ እኔ አልመዘገብም ነበር" አልኩ። ከዚያ የሰኔ 30ን፣ የምሳ ሰዓቱን፣ የቡናውን፣ የእትዬን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስጨርስ አንድ በዕድሜ የገፉ መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ "እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት ልጄ" አሉ። ሌላዋም ቀጠለች። በዚያ ክፍል ውስጥ የክረምት ረሃብን ከውስጥ የምናውቅ ስንት ሰዎች እርስ በርስ ተደብቀን ኖረናል!

ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም ሳንመዘግብ ለመጣ ሁሉ አበላን። የሀብታሙም ልጅ በላ፣ የድሃውም በላ፤ አንዱ ከሌላው አልተለየም። ድስቱን ከሰፈሩ እድር ተዋስን፤ የእድር ብረት ድስት ለቅሶ በሌለበት ቀን ዝም ብሎ ይቀመጣል። እናቶች በተራ መጡ። በቆሎና ቦሎቄ አብሮ ተቀቀለ፤ ጎመኑ ከየጓሮው መጣ። መጀመሪያ ትምህርቱ፣ መጨረሻ ላይ ምግቡ እንዲሆን አደረግን፤ ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ላይ እንዲያርፍ ሆነ፤ የተራበው ልጅ ከሰፈር የሚጠፋበት ሰዓት ያ ነውና። ስም የሚጠራው ለትምህርቱ እንጂ ለምግቡ አልነበረም። ልጆቹ መጡ። ከዚህ በፊት ክረምት ላይ አይተናቸው የማናውቃቸው ጭምር መጡ።

ችግሩ አልጠፋም። ሐምሌ ላይ በቆሎ መግዛት ውድ ነው። በእኛ እርጥብ አየር እህል ማስቀመጥ ደግሞ ከባድ ነው፤ ነቀዝ አያስተርፍም። ከዚህ ያገኘሁት ትምህርት እህሉ የሚገዛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ቡናው ሲሸጥ፣ በቆሎውም ሲረክስ መሆን እንዳለበት ነው፤ ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ታስሮ እስከ ሐምሌ ይቆያል። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ በሚያከፋፍልበት ወር ከየአባሉ ጥቂት ቢቀመጥ፣ ምገባ ያላቸው ትምህርት ቤቶችም ከዓመቱ እህል ላይ የክረምቱን ድርሻ ቀድመው ቢያስቀሩ ወጪው ከአቅም በላይ አይሆንም። ትምህርት ቤቱ ክረምት ላይ መከፈት ካልቻለ ልጁ ሰኔ 30 ካርዱን ሲቀበል እህልና ዘይት ይዞ ይሂድ፤ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ሴት ልጆች ከትምህርት እንዳይቀሩ ዘይት ወደ ቤት ሲሰጥ ቆይቷልና አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በየክረምቱ የሚወጣው የበጎ ፈቃድ ወጣትም ቤት ያድሳል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ደም ይለግሳል፤ ከዚያ ጉልበት ጥቂቱ ለትምህርት ቤት ማብሰያ ቢሰጥ ሥራው ይቃለላል።

ስለ ረሃብ ስናወራ ድርቅን፣ ጦርነትን፣ ያልታሰበ አደጋን እናወራለን። መቱና ጎሬ፣ ቡሬና ያዮ ያለው የልጆች ረሃብ ግን ድንገተኛ አይደለም። መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ ይታወቃል፤ የማንን ቤት እንደሚጎበኝም መምህሩ ያውቃል፣ ጎረቤቱም ያውቃል። ሳይታሰብ የመጣ ረሃብ ሰውን ግራ ቢያጋባ አይገርምም። ቀኑ የታወቀው ረሃብ በየዓመቱ ልጅ ሲያከሳ ማየት ግን የሁላችንም ዕዳ ነው።

ስለዚህ ለመምህራን፣ ለእድር ሰብሳቢዎች፣ ቡና ለሚገዙና ለሚሸጡ፣ ለቀበሌና ለወረዳ ኃላፊዎች የምለው ይህ ነው። የክረምቱን ምግብ በታኅሣሥ አስቡት። ስትሰጡም ልጁ መጥቶ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ አይመጣም፣ አይጠይቅም። ችግሩን እንዲያስረዳ አታድርጉት፤ የእናቱን ገበና አሳልፎ ከመስጠት ተርቦ መዋል ይመርጣል። ለሁሉም ዘርጉ፤ የጠገበው ልጅ አንድ ጭብጥ ንፍሮ ቢበላ የሚጎድል ነገር የለም፤ የተራበው ግን በእሱ ተከልሎ ይበላል። እንደኔ ክረምቱን በጎመንና በቡና ያሳለፋችሁ፣ ዛሬ መምህር፣ ሐኪም፣ ነጋዴ፣ ሹም የሆናችሁ ደግሞ ተናገሩ። የደበቅነው ረሃብ ለኛ ክብር ሆኖ ተቆጥሮልን ይሆናል፤ ዛሬ ማማ ላይና ሊስትሮ ሣጥን ላይ ለተቀመጡት ልጆች ግን ዝምታችን ምግብ አልሆነላቸውም።